ኤሲ ለደጋ ምን ይጠቅማል? የፒክአፕ መኪና ማቀዝቀዣና የጤዛ ሳይንስ ከመተማ እስከ መካነ ብርሃን

መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው፣ ከዚያም በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ የቧሂትን ትከሻ በመሻገር ወደ ጃናሞራዋ ከተማ ወደ መካነ ብርሃን የሚወርደው መንገድ በአገራችን ካሉት እጅግ ከፍተኛ የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። መንገዱ በቧሂት አካባቢ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ተጓዡን ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ያደርሰዋል። አንዲት ፒክአፕ መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዳ፣ ተመልሳም ወደ መካነ ብርሃን ብትወጣ ውርጭን፣ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን ሁሉ ታዳርሳለች።

በእንዲህ ያለ አገር ስለ መኪና አየር ማቀዝቀዣ፣ ማለትም በተለምዶ «ኤሲ» ስለምንለው መሣሪያ፣ ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። የመጀመሪያው «ኤሲ የቆላ ዕቃ ነው፤ ለደጋ ሰው ምን ይሠራለታል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ኤሲው ካልቀዘቀዘ ጋዝ ይጨመርበት» የሚል ነው። ሁለቱም ሲታዩ ትክክል ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው በገደል አፋፍ ላይ የሾፌሩን እይታ ሊያሳጣ፣ ሁለተኛውም መሣሪያውን ሊያበላሽ እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ እናሳያለን። ለዚህም ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት የማያልፉ ጥቂት ሕጎች ይበቁናል። ከዚህ በታች ዲግሪ ስንል ዲግሪ ሴልሺየስ ማለታችን መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

አየር ምን ያህል የውሃ ተን ይይዛል?

በዙሪያችን ያለው አየር ምንጊዜም በዓይን የማይታይ የውሃ ተን አለው። አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ሊይዝ የሚችለው የተን መጠን ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም በሙቀት መጠን ይለያያል። የሚከተለው ሠንጠረዥ በየሙቀቱ ያለውን ከፍተኛ የተን ግፊት በሄክቶፓስካል፣ እንዲሁም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ከፍተኛ የተን ክብደት በግራም ያሳያል።

0 ዲግሪ — 6.1 ሄክቶፓስካል — 4.8 ግራም
4 ዲግሪ — 8.1 ሄክቶፓስካል — 6.4 ግራም
8 ዲግሪ — 10.7 ሄክቶፓስካል — 8.3 ግራም
10 ዲግሪ — 12.3 ሄክቶፓስካል — 9.4 ግራም
18 ዲግሪ — 20.6 ሄክቶፓስካል — 15.4 ግራም
20 ዲግሪ — 23.4 ሄክቶፓስካል — 17.3 ግራም
24 ዲግሪ — 29.8 ሄክቶፓስካል — 21.8 ግራም
30 ዲግሪ — 42.4 ሄክቶፓስካል — 30.4 ግራም
40 ዲግሪ — 73.8 ሄክቶፓስካል — 51.1 ግራም

ከሠንጠረዡ እንደምንረዳው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የተኑ ወሰን ወደ እጥፍ ይጠጋል። በአየሩ ውስጥ በትክክል ያለው ተን ከወሰኑ አንጻር በመቶኛ ሲገለጽ አንጻራዊ እርጥበት ይባላል። አየሩ ተኑን እንደያዘ ቢቀዘቅዝ ወሰኑ እየጠበበ ይሄዳል፤ በአንድ የሙቀት መጠን ላይ ሲደርስም ያለው ተንና ወሰኑ እኩል ይሆናሉ። ይህ የሙቀት መጠን የጤዛ ነጥብ ይባላል። ከዚህ በታች የቀዘቀዘ ማናቸውም ነገር፣ ሣርም ሆነ የድስት ክዳን ወይም የመኪና መስተዋት፣ ጤዛ ይቋጥራል።

ተን ወደ ውሃነት ሲመለስ ሙቀት ይለቃል። በተለመደው የአየር ሙቀት አንድ ኪሎ ግራም ተን ፈሳሽ ሲሆን ወደ 2,450 ኪሎጁል የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ይህ ሙቀት ቴርሞሜትር ላይ ሳይታይ በተኑ ውስጥ የኖረ ስለሆነ ስውር ሙቀት ይባላል። ቀጥሎ የምንመለከተው ነገር ሁሉ በዚህ ስውር ሙቀት ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው።

ማቀዝቀዣው እንዴት ይሠራል?

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የኤሲን ግማሽ ሥራ አውቋል ማለት ይቻላል። ድፍድፉ በእሳት ሲሞቅ ይተናል፤ ተኑ በመቃው ቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይገባል፤ እዚያም ሙቀቱን ለውሃው ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ለዚህ ነው ማቀዝቀዣው ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው። በእንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በተቃራኒው ነው፤ በሸክላው ቀዳዳ የሚወጣው ጥቂት ውሃ ሲተን ከቀሪው ውሃ ሙቀት ይወስዳል። ኤሲ እነዚህን ሁለት ክንውኖች በአንድ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያገናኛል።

በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች አር-134ኤ የተባለው ውሕድ ነው። በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። ሞተሩ በቺንጋ የሚያሽከረክረው ኮምፕሬሰር ተኑን አምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል። ተኑ ከራዲያተሩ ፊት ወደተቀመጠው ኮንደንሰር ሄዶ ሙቀቱን ለውጭ አየር በመስጠት ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባቡ ቫልቭ በኩል ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፤ ከክሩስኮቱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥም እየፈላ ከጋቢናው አየር ሙቀት ይቀበላል። ከዚያም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ስለዚህ ኤሲ ሙቀትን ከጋቢናው ውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ የሚያጓጉዝ መሣሪያ ነው።

ኢቫፖሬተሩ በደህና ሲሠራ ገጹ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል። ይህ በአብዛኛው ከጋቢናው አየር የጤዛ ነጥብ በታች ነው። በመሆኑም ኢቫፖሬተሩ አየሩን ከማቀዝቀዙም በላይ ተኑን ወደ ውሃነት ይመልሳል፤ አየሩን ያደርቃል። ይህ እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጠር አይደለም። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማመቻቻ ሲነድፍ የተሰጠው ችግር በኒውዮርክ ብሩክሊን የሚገኝ ማተሚያ ቤት ወረቀት በእርጥበት እየሰፋ ቀለሞቹ ቦታቸውን መሳታቸው ነበር። እርጥበትን መቆጣጠር የመሣሪያው የመጀመሪያ ዓላማ ነበር ማለት ነው። በፋብሪካ የተገጠመ ኤሲ ለመኪና ገዢ የቀረበው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 መጨረሻ፣ በፓካርድ መኪና ነው።

በቆላ፦ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ

አንዲት ፒክአፕ በክረምት በመተማ አካባቢ እየሄደች ነው እንበል። የውጭው አየር 30 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 70 በመቶ ነው። ኤሲው በሰዓት 300 ሜትር ኩብ የውጭ አየር እየሳበ እስከ 8 ዲግሪ ያቀዘቅዛል። ስንት ውሃ ይወጣል?

በሠንጠረዡ መሠረት የሚገባው አየር በአንድ ሜትር ኩብ 30.4 ሲባዛ በ0.70፣ ማለትም 21.3 ግራም ተን አለው። በሰዓት የሚገባው ተን 6.4 ኪሎ ግራም ይሆናል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይጨማደዳል፤ 300 ሜትር ኩብ የነበረው በግምት 278 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ8 ዲግሪ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ሊይዝ የሚችለው 8.3 ግራም ስለሆነ ከኢቫፖሬተሩ የሚወጣው ተን 2.3 ኪሎ ግራም ነው። ልዩነቱ 4.1 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ በሰዓት ከአራት ሊትር በላይ ንጹሕ ውሃ በማፍሰሻው ቱቦ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል። መኪናው የቆመበት ቦታ ረጥቦ ያየ ሰው «መኪናው ፈሰሰ» ብሎ ሊደነግጥ አይገባም።

አሁን ሙቀቱን እንቁጠር። 4.1 ኪሎ ግራም ተን የሚለቀው ስውር ሙቀት በሰዓት ወደ 10,000 ኪሎጁል፣ ይኸውም 2.8 ኪሎዋት ነው። በሰዓት የሚያልፈውን ወደ 310 ኪሎ ግራም አየር ከ30 ወደ 8 ዲግሪ ለማውረድ ደግሞ 1.9 ኪሎዋት ያስፈልጋል። በድምሩ 4.7 ኪሎዋት መሆኑ ነው። ከማቀዝቀዣው ጉልበት ከግማሽ የሚበልጠው የዋለው አየሩን ለማቀዝቀዝ ሳይሆን ተኑን ውሃ ለማድረግ ነው።

በበጋ ደግሞ በዚያው ስፍራ አየሩ 40 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 15 በመቶ ቢሆን ውጤቱ ሌላ ነው። የሚገባው ተን በሰዓት 2.3 ኪሎ ግራም፣ የሚወጣው 2.2 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ የሚፈሰው ውሃ ከ100 ግራም አይሞላም። አየሩን በ32 ዲግሪ ለማውረድ የሚያስፈልገው ወደ 2.8 ኪሎዋት ብቻ ነው። እንግዲህ ለኢቫፖሬተሩ ከደረቁ የ40 ዲግሪ አየር ይልቅ እርጥቡ የ30 ዲግሪ አየር የከበደ ሸክም ነው። በክረምት «ሙቀቱ ቀንሶ ሳለ ኤሲው ለምን ደከመ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ ተግባራዊ መመሪያ ይወጣል። በእርጥብ ቆላ የውጭውን አየር መሳቢያ ዘግቶ የጋቢናውን አየር ማዘዋወር ሸክሙን በእጅጉ ይቀንሳል፤ አንዴ የደረቀው አየር ደግሞ ደጋግሞ ስለሚያልፍ የሚወጣው ውሃም ያንሳል። በረዥም ጉዞ ግን የተሳፋሪው ትንፋሽ እንዳይታፈን በየጊዜው የውጭ አየር ማስገባት ያስፈልጋል።

የማፍሰሻው ቱቦ በአገራችን የጠጠር መንገድ በአቧራና በጭቃ ሊደፈን ይችላል። ያን ጊዜ በሰዓት አራት ሊትሩ ውሃ መውጫ ሲያጣ ወደ ጋቢናው ይመለሳል፤ የተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ይርሳል፤ የሻገተ ሽታም ይከተላል። ቱቦውን ከሥር በኩል በለስላሳ ሽቦ ወይም በመጠነኛ የአየር ግፊት ማጽዳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የፈሰሰው ነገር ቀለም ያለውና የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ግን የራዲያተር ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ማስመርመር ይገባል። ፈሳሹ መርዝነት ስላለው ለመለየት ተብሎ መቀመስ የለበትም።

በደጋ፦ የፓራብሬዛው ጉም

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ሐምሌ ነው፤ አራት ሰዎች የጫነች ደብል ጋቢና ፒክአፕ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን ትጓዛለች። የውጭው አየር 10 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 90 በመቶ ነው። ተሳፋሪዎቹ ብርድ ስለሆነ መስኮቱን ዘግተዋል፤ ጋቢናው 18 ዲግሪ ደርሷል። ፓራብሬዛው ግን የውጭው ነፋስ ስለሚመታው ከ10 ዲግሪ ብዙም አይርቅም።

ፓራብሬዛው ጤዛ የሚቋጥረው የጋቢናው የተን ግፊት 12.3 ሄክቶፓስካል ሲደርስ ነው። ይህ በ18 ዲግሪ 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ማለት ነው። ከውጭ የገባው አየር አስቀድሞ 11 ሄክቶፓስካል ገደማ ስላለው የቀረው 1.2 ሄክቶፓስካል ብቻ ነው። ይህ በአንድ ሜትር ኩብ 0.9 ግራም ያህል ተን ነው። የጋቢናውን ስፋት 3 ሜትር ኩብ ብንወስድ በጠቅላላው 2.7 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የሚያንስ ውሃ፣ ፓራብሬዛውን ለመጋረድ በቂ ነው።

አንድ ተቀምጦ ያለ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት ከ40 እስከ 50 ግራም የሚደርስ ውሃ ወደ አየር ያስገባል። አራት ሰዎች በደቂቃ ሦስት ግራም ያህል ይሰጣሉ። ስለዚህ አዲስ አየር በማይገባበት ጋቢና ፓራብሬዛው ጉም ለመልበስ አንድ ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። ዝናብ የነካው ጋቢ ወይም የረጠበ ጆንያ በውስጡ ካለ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። በአንድ ጎኑ ግድግዳ፣ በሌላው ጎኑ ገደል በሆነ መንገድ ላይ የአንድ ደቂቃን ትርጉም ለአንባቢ መግለጽ አያሻንም። ወላድ ወይም ሕመምተኛ አሳፍራ ወደ ሆስፒታል የምትገሠግሥ ፒክአፕ ደግሞ ቆማ ጉሙ እስኪለቅ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም።

መፍትሔው ምንድን ነው? የውጭ አየር ብቻ እናስገባ ብንል እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ሊያወጣ የሚችለው 0.9 ግራም ተን ብቻ ስለሆነ የአራቱን ሰዎች 180 ግራም ለማስወገድ በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ኤሲው ተከፍቶ አየሩ መጀመሪያ በኢቫፖሬተሩ ላይ እስከ 4 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ግን የተን ግፊቱ ወደ 8.1 ሄክቶፓስካል ይወርዳል። ያው አየር በመኪናው ማሞቂያ አልፎ 20 ዲግሪ ሲሆን አንጻራዊ እርጥበቱ 35 በመቶ ብቻ ይሆናል። አሁን እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ሦስት ግራም ያህል ተን ጠርጎ ስለሚወጣ 60 ሜትር ኩብ ይበቃል። ሥራው ወደ ሲሶ ቀለለ ማለት ነው። እንግዲህ «ኤሲ ለደጋ ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን «ያደርቃል» የሚል ነው።

በተግባር ሾፌሩ የውጭ አየር መሳቢያውን መክፈት፣ ኤሲውንና ማሞቂያውን በአንድነት ማሠራት፣ የአየሩንም አቅጣጫ ወደ ፓራብሬዛው ማድረግ አለበት። ኤሲና ማሞቂያ በአንድ ጊዜ መክፈት ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ውሃውን ያወጣል፣ ሌላው አየሩን እንደገና ያሞቃል። ኤሲ የሌለው መኪና ማሞቂያውን ከውጭ አየር ጋር ከፍቶ መስኮቶቹን በጥቂቱ ዝቅ ቢያደርግ ይረዳዋል። የፓራብሬዛው ውስጠኛ ገጽ ከአቧራና ከቅባት የጸዳ ቢሆንም ጉሙ በቀላሉ አይለጠፍም።

ሦስት ጥንቃቄዎችን እዚህ ላይ እንጨምራለን። አንደኛ፣ ኤሲው ሲሠራ ቆይቶ ሾፌሩ በርዶት ኮምፕሬሰሩን ቢያጠፋና ነፋሹን ሳያጠፋ የጋቢናውን አየር ቢያዘዋውር በኢቫፖሬተሩ ላይ የቀረው ውሃ መልሶ ይተናል። 2.7 ግራም ብቻ ይበቃ የነበረው ፓራብሬዛ በቅጽበት ይጋረዳል። ስለዚህ ማጥፋት ሲያስፈልግ አስቀድሞ የውጭውን አየር መክፈት ይገባል። ሁለተኛ፣ በእርጥብ ቆላ ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ወደ ፓራብሬዛው ቢላክ ጤዛው በውጭ በኩል ይቋጠራል። በ30 ዲግሪና በ70 በመቶ እርጥበት የጤዛው ነጥብ 24 ዲግሪ ስለሆነ ከዚያ በታች የቀዘቀዘ መስተዋት ከውጭ ይጎማል፤ ከደባርቅ ደጋ ቀዝቅዞ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ በፍጥነት የወረደ መኪናም ይኸው ሊገጥመው ይችላል። ይህን የሚያስወግደው የውጭው የዝናብ መጥረጊያና መስተዋቱን ማሞቅ ነው። ሦስተኛ፣ በቧሂት አካባቢ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ብዙ መኪኖች ኮምፕሬሰሩን በራሳቸው ያቆማሉ። ያን ጊዜ አየሩ ራሱ አነስተኛ ተን ስላለው የውጭ አየርና ማሞቂያ ሥራውን ይወጡታል።

ከፍታና ግፊት፦ መለኪያው ሲያሳስት

ወደ ሁለተኛው አስተያየት፣ «ካልቀዘቀዘ ጋዝ ይጨመርበት» ወደሚለው እንመለስ። ባለሙያው የጋዙን ግፊት የሚለካበት ጌጅ የሚያሳየው ሙሉውን ግፊት አይደለም፤ በቱቦው ግፊትና በአካባቢው አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። መጻሕፍቱና ሠንጠረዦቹ ደግሞ በአብዛኛው የተዘጋጁት ለባሕር ወለል ነው።

በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት የአየር ግፊት በባሕር ወለል 1,013፣ በመተማ 932፣ በ2,130 ሜትር ላይ ባለችው ጎንደር 782፣ በ2,850 ሜትር ላይ ባለችው ደባርቅ 714፣ በ4,200 ሜትር ደግሞ 600 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። አር-134ኤ በ0 ዲግሪ የሚፈላው በ2,930 ሄክቶፓስካል ነው። ስለዚህ ኢቫፖሬተሩ በትክክል 0 ዲግሪ ላይ ቢሆን ጌጁ በባሕር ወለል 27.8 ፒኤስአይ ሲያሳይ በጎንደር 31.2፣ በደባርቅ 32.1 ፒኤስአይ ያሳያል። የጋዙ ሁኔታ አንድ ሆኖ ሳለ ንባቡ ተለያየ።

በጎንደር ያለ ባለሙያ የመጽሐፉን 27.8 ፒኤስአይ እንደወረደ ቢወስድ ጋዙ በትክክል የሚኖረው ግፊት 2,700 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። የመፍያ ሙቀቱም ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ በኢቫፖሬተሩ ላይ የተቋጠረው ውሃ ወደ በረዶነት ሊለወጥ ይችላል። በረዶው የአየሩን መተላለፊያ ይዘጋል። ምልክቱም ይታወቃል፤ ኤሲው መጀመሪያ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ቆይቶ የሚነፍሰው አየር ይደክማል፣ ጠፍቶ ጥቂት ቢቆይ እንደገና ይሠራል፣ ከሥርም ብዙ ውሃ ይፈስሳል። ከፍታው ራሱ ይህን ያባብሳል፤ ነፋሹ በደጋ የሚያንቀሳቅሰው አየር ስስ ስለሆነ ለኢቫፖሬተሩ የሚያደርሰው ሙቀት ያንሳል። ይህን ምልክት «ጋዝ አንሷል» ብሎ ብቻ መተርጎም ያሳስታል፤ የነፋሹን፣ የአየር ማጣሪያውንና በረዶ እንዳይሠራ የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት መመርመርም ያስፈልጋል።

ተመሳሳይ ስሕተት በቫኪዩም ጊዜ ይከሰታል። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በቱቦው ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ይወጣል። በባሕር ወለል ፍጹም ባዶ የሆነ ቱቦ ጌጁን ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ያወርደዋል። በጎንደር ግን ፍጹም ባዶ ቢሆንም ንባቡ ከ23 ኢንች አያልፍም። ይህን የማያውቅ ሰው የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ሊውል፣ ወይም በተቃራኒው በደንብ ያልተጠረገውን «በቃው» ሊል ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ሙሉ ግፊትን በሚለካ መሣሪያ መጠቀም፣ ጋዙንም በጌጅ ግምት ሳይሆን አምራቹ በኮፋኖው ሥር በለጠፈው ምልክት መሠረት በሚዛን መዝኖ መሙላት ነው።

ጋዙ ሲባክን የሚጎዳው የባለቤቱ ኪስ ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም አር-134ኤ በመቶ ዓመት ውስጥ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከ1,400 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ግማሽ ኪሎ ግራም ቢያመልጥ ከ250 ሊትር በላይ ናፍጣ ከማቃጠል ጋር እኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተፈረመው የኪጋሊ ማሻሻያ የእንዲህ ዓይነት ጋዞችን አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተደረገ ስምምነት የሆነውም ለዚህ ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መጨመር በተቀደደ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ከፍታ በሁሉም ረገድ ጎጂ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ኮንደንሰሩ በ60 ዲግሪ ይሠራል ብንል በ40 ዲግሪው መተማ ከውጭው አየር ጋር ያለው ልዩነት 20 ዲግሪ ሲሆን በ25 ዲግሪው ጎንደር 35 ነው። የጎንደር አየር በ12 በመቶ ያህል ቢሳሳም የሚወስደው ሙቀት በግማሽ ያህል ይበልጣል። ደካማው ነጥብ የሚታየው ቀስ ተብሎ በዝቅተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ወደ ኮንደንሰሩ የሚገባው ነፋስ ያንሳል፣ ከጎኑ ያለው ራዲያተር ይግላል፣ ሞተሩም በስስ አየር ጉልበቱ ቀንሶ ሳለ ኮምፕሬሰሩን ይጎትታል። የራዲያተሩ ሙቀት ከመጠን ካለፈ ኤሲውን ለጊዜው ማጥፋት ተገቢ ነው።

በክፍል የሚሠራ ሙከራ

የጤዛ ነጥብን በቀላሉ መለካት ይቻላል። ገጹ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ወስደን በክፍሉ ሙቀት ያለ ውሃ እናድርግበት። በረዶ ወይም በጣም የቀዘቀዘ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመርን፣ በዘንግ እያማሰልን ቴርሞሜትሩን እናንብብ። በቆርቆሮው ውጫዊ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ጉም ሲታይ ያለው ንባብ የክፍሉ የጤዛ ነጥብ ነው። ትንፋሻችን ቆርቆሮውን እንዳይነካው እንጠንቀቅ። ሙከራው በጥርና በሐምሌ፣ እንዲሁም በባዶ ክፍልና ተማሪዎች በሞሉት ክፍል ቢደገም ልዩነቱ አስተማሪ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከመተማ እስከ ቧሂት ባለው መንገድ ላይ አንድ መሣሪያ ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች ሲሰጥ ተመልክተናል። በቆላ ከሙቀት ጋር የሚታገል ይመስላል፤ ነገር ግን በክረምት ከጉልበቱ ከግማሽ የሚበልጠውን ለውሃ ይከፍላል። በደጋ ሥራ ፈት ይመስላል፤ ነገር ግን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ውሃ የሚጋርደውን የሾፌሩን እይታ ይጠብቃል። ከመጽሐፍ የተወሰደ ቁጥርም የተጻፈበትን ከፍታ ካላገናዘብን ሊያሳስተን እንደሚችል አይተናል። በከፍታ ላይ የምንኖር ተማሪዎች ማናቸውንም የመሣሪያ መመሪያ ስናነብ «ይህ ቁጥር ለየትኛው አየር የተጻፈ ነው?» ብለን መጠየቅን ልማድ ልናደርግ ይገባል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አንጻራዊ እርጥበቱ 46 በመቶ ቢሆን የጤዛው ነጥብ ስንት ነው?
2. በደጋው ምሳሌ ተሳፋሪዎቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑ፣ አዲስ አየርም ባይገባ፣ ፓራብሬዛው በስንት ደቂቃ ይጋረዳል?
3. የአየር ግፊት 600 ሄክቶፓስካል በሆነበት ቦታ በ2,930 ሄክቶፓስካል ላይ ያለ ጋዝ በጌጅ ስንት ፒኤስአይ ያሳያል? አንድ ፒኤስአይ 69 ሄክቶፓስካል ያህል ነው።

መልስ፦ 1) 8 ዲግሪ። 2) ሁለት ደቂቃ ያህል። 3) ወደ 33.8 ፒኤስአይ።